መስመሩ የሚቆምበት በር

ከሆስፒታሉ ወጥተው የቻሉትን ያህል ተራምደው ለሚመለሱበት የእርምጃ ምርመራ ሌላው በሽተኛ ሸራ ጫማ አጥልቆ ሲመጣ፣ እኚህ አዛውንት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የሚመጡት። ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት! ነርሷ በሳተላይት እየተከታተለ አካሄዳቸውን የሚለካውን መሣሪያ ወገባቸው ላይ ስታስርላቸው፣ የኮታቸው ኪስ በከረሜላ ማበጡን አየች።

«የልጄ ቤት እዚሁ ነው። እግረ መንገዴን ብቅ ብዬ የልጅ ልጆቼን አያለሁ» አሏት፣ ሳትጠይቃቸው።

ሲመለሱም ኪሳቸው እንዳበጠ ነው።

ዶክተሩ ኮምፒውተሩ ላይ የመጣውን ካርታ አይቶ ቅር አለው። የጠበበውን የእግራቸውን ደም ሥር ከከፈተላቸው ወዲህ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ ብሎ ነበር። የሄዱበት ቀይ መስመር ግን እንደ ቀድሞው አንድ በር ፊት ይቆማል፤ ብዙ ይቆይና ወደ ኋላ ይመለሳል።

«እዚህ ጋ ሕመሙ ይይዝዎታል አይደል፣ አባቴ?»

«ይይዘኛል።»

እግሩን ያመመው ሰው ጋብ ሲልለት ወደፊት ይቀጥላል እንጂ ዞሮ አይመለስም ልትል ነርሷ አፏን ከፈተች። አዛውንቱ ዓይን ዓይኗን ሲያዩአት ዋጠችው።

«እንግዲህ እንደገና ቀዶ ጥገና መግባትዎ ነው። የሚያስታምምዎት ልጅ አለዎት?» አለ ዶክተሩ።

አዛውንቱ ካርታው ላይ ከሆስፒታሉ አጠገብ መስመሩ የቆመበትን በር ትክ ብለው አዩት።

«አለኝ» አሉ ከረባታቸውን እያስተካከሉ። «ግን ሩቅ ነው።»