በአዲስ አበባ በኩል የገባ ሶፋ

ከባለቤቴ ከለሜሳ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር የአንድ ሶፋ እግር አጉልቶ ማየት ነበር። ከራት በኋላ አጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን አቀበለኝ፤ ደንበኛ የላከችለት ፎቶ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ሁለት ጣቶቼን መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ፎቶውን ሰፋ አደረግሁለት። የእሱ ጣቶች በኮላና በቫርኒሽ ብዛት እንደ ቅርፊት ጠንክረው ስለነበር ስልኩ አይታዘዝላቸውም፤ «እኔ ስነካው ማንም የነካው አይመስለውም» እያለ ይስቅ ነበር። «አሳድጊው… ወደ ታች… እዚያ እግሩ ላይ ቁሚ» ይለኛል። እግሩ ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የሚቆለመመው በሚለው ላይ ጥቂት ተከራከርን። እኔ ወደ ውስጥ ነው አልኩ፤ እሱ «የሒሳብ አስተማሪ ሆነሽ ይሄን ታጪዋለሽ?» አለኝ፤ ነገ እናየዋለን ብለን ተውነው። በማግስቱ ጎጆ ከምትባለው ከተማ ጣውላ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው።

ስልኩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ጠርዙ ላይ አንዲት የደረቀች የኮላ ጠብታ አለች። ዝናብ ሲበረታና ቤቱ ሲረጥብ ከሶፋችን ውስጥም ያው ሽታ ይወጣል፤ ራስ የሚያዞር፣ ጎምዘዝ ያለ የኮላ ሽታ። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ልቤ ወደ እነዚያ ዓመታት ይሄዳል፤ ሄዶም አፍሮ ይመለሳል።

ስንጋባ እኔ ገና ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ አምቦ ውስጥ፣ በጉደር መውጫ፣ መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ ጣራ ያላት የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችው። በር፣ መስኮትና አልጋ ይሠራ ነበር። ሶፋ የመጣው ከዲሽ ጋር ነው። በየቤቱ ጣራ ላይ ሳህኑ ሲተከል፣ በአማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ድራማ ሰዎች አምቦ ሳሎን ድረስ ገቡ። እኛ ሴቶቹ በፍቅራቸው እያለቀስን ዓይናችን ግን የተቀመጡበት ሶፋ ላይ ነበር። ደንበኞች ቴሌቪዥኑን በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ለለሜሳ ያመጡለት ጀመር። ፎቶው የደበዘዘ ነው፤ መሐሉ ላይ ተዋናይቷ ቀሚሷን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ «ሴትዮዋን ተዋትና ወንበሩን ሥራልኝ» ይሉታል። እሱም በቀሚሷ የተሸፈነውን ከራሱ ይሞላዋል።

ኔትወርክ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ሶፋ በአፍ ይሳል ነበር። ኦቦ ዳባ የሚባሉ የጉደር እህል ነጋዴ ለልጃቸው ሰርግ ሊያዙ መጡና ያዩትን ለማስረዳት እዚያው መንገድ ዳር ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

«ኢላሊ፣ ያ ለሜሳ! እየኝ እንጂ! እጀታው እንዲህ ነው፤ እንደ በሬ ሻኛ። ጀርባው ደግሞ እንደ ቄስ፣ ቀጥ!»

«መቀመጫውስ፣ ኦቦ?»

«መቀመጫውን ምኑን አውቄ? በመስኮት ነው ያየሁት!»

ለሜሳም ከበሬና ከቄስ የተወለደ ወርቃማ ሶፋ ሠራላቸው፤ ሙሽሮቹ ተቀመጡበት፤ ያየው ሁሉ አመሰገነው።

የእኛን የሠራው በዚያው ዓመት ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጀርባው በቁልፍ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ፣ ከአንድ ድራማ ላይ እኔው ራሴ የመረጥኩት። ገና ላቡ ሳይደርቅ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገቡ፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴት ናቸው። ሶፋውን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ተቀመጡበት፣ ተነሥተው እንደገና ተቀመጡበት።

«ኧረ ወግ ነው! ይሄማ የዚህ አገር እጅ አይደለም። ከየት አመጣችሁት?»

አፌን ልከፍት ስል ለሜሳ ቀደመኝ። «ከአዲስ አበባ ነው፣ እትዬ። የውጭ ነው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ምን ነካህ ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ «ሰው የእጄን ሥራ አይቶ የውጭ ነው ካለ ከዚህ በላይ ምን ሙገሳ አለ?» አለ። እኔም አፈርኩ፤ ሐፍረቴ ግን ሳምንት አልቆየም። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ቤቴ ሲመጡ ያንኑ ውሸት ከእሱ አሳምሬ ደገምኩት፤ ቀረጡ ስንት እንዳስጨነቀን ሳይቀር ጨመርኩበት።

እትዬ አስካለ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቱ ሄዱ። «ያንን የውጭውን አስመስለህ ሥራልኝ፤ አንተ ሠራኸው ብለህ ግን እንዳታዋርደኝ» አሉት። ለሜሳም የራሱን ሥራ አስመስሎ በአረንጓዴ ጨርቅ ሠራላቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወግ ሆነ። የውጭ ሶፋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ እሱም ላስቲክ ገዛ። ሶፋው ሸራ ለብሶ በጭነት መኪና ከጉደር መውጫ ተነሥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ይወጣል፤ ከከተማው ራቅ ብሎ ሸራው ይገፈፋል፤ ከዚያ መኪናው ዞሮ፣ ላስቲኩ በፀሐይ እያብረቀረቀ፣ ጥሩምባውን እያሰማ በአዲስ አበባ በኩል ይገባል። ጎረቤት በር በር ላይ ወጥቶ ያያል። ለሜሳ ራሱ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሩቅ አገር ውሎ እንደመጣ ሰው አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ይገባ ነበር።

ከተማው ግን ስም አወጣለት። «ፎቶ ኮፒ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ ባልደረባዬ፣ «ሰናይት፣ ባልሽ ጋ ውሰጂኝና እኔንም አንድ ኮፒ ያውጣልኝ፤ አንደኛው ያስተምር፣ አንደኛው ይተኛ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ያንን ሳቅ ለሜሳ ላይ አወረድኩት።

«አንድ እንኳ ከራስህ የወጣ ነገር አትሠራም?»

«ሠርቻለሁ።»

«የታለ?»

በአገጩ ወደ ሶፋችን አመለከተ። «በግድግዳው በኩል ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ጥዬው ወጣሁ። የሶፋውን ጀርባ አውቀዋለሁና። ፎቶ ፊት እንጂ ጀርባ የለውም፤ ጀርባውን ለሜሳ እንደመጣለት ነበር የሚያበጀው። የእኛ ሶፋ ጀርባ ደንበኞቹ ካዘዙት ጨርቅ በተረፈ ቁርጥራጭ በየጊዜው እየተቀጠለ የተሰፋ ነው፤ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ ቡና ዓይነት፣ ባለአበባ። ከግርጌው ሁለት ትላልቅ ብሎኖች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀርቷል። ጣውላ አንሶት የተወው ይመስለኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አስቀድሜ የማየው ሶፋው ከግድግዳው ጋር መጣበቁን ነው። «አይዞሽ፣ ግድግዳ ዓይን የለውም» ይለኝ ነበር።

ያረፈ ዕለት፣ አስከሬኑ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ የእድሩ ሰዎች ደረሱ። በአገራችን የለቅሶ ቤት ሳሎን ባዶ ይሆናል፤ ዕቃው ግቢ ይወጣል፣ መሬቱ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ሴቶቹ ደግፈውኝ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሶፋውን ከግድግዳው ሲስቡት፣ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲንቋረር ሰማሁ፤ እንባዬ ቆመ። ባሌ ሞቶ ሳለ እኔ የማስበው ጀርባውን ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ ያየዋል እያልኩ። ከዚያች ቅጽበት የበለጠ በራሴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም፤ ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

«ቀስ በሉ፣ በሩ ይጠባል» አለ ከወጣቶቹ አንዱ።

«የለሜሳ ነው እኮ» አሉ የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ ተፈራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መያዣ አለው። ያንን አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አምጣ።»

መፍቻው የመጣው ከእድሩ ሣጥን ነው፤ ከድንኳኑ ካስማና ከወጥ ጭልፋዎቹ ጋር ይቀመጥ ነበር፤ እንዳይጠፋ በቀይ ክር ታስሯል። ሁለቱን ብሎኖች ፈቷቸው። ሶፋው መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፈለ፤ ሰዎቹ እጃቸውን በቀዳዳዎቹ ሰድደው እንደ ቅርጫት አንጠልጥለው አወጡት፤ የበሩን መቃን እንኳ አልነካም። እኔ ፍራሹ ላይ ሆኜ መፍቻውን አየሁ። አዲስ አልነበረም፤ እጀታው በብዙ እጅ ተወልውሏል። እድሩ ለባሌ ሶፋ የሚሆን መፍቻ አለው ማለት ነው። ይኸው መፍቻ ስንቱን «የውጭ ነው» የተባለለትን ሶፋ በየለቅሶው ሲፈታ ኖሯል፤ የፈቱት ሰዎች ሁሉ እያወቁ፣ በእኛ ሳሎን ሻይ እየጠጡ፣ የቀረጡን ወሬ እያዳመጡ፣ አንድ ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም።

ግቢ ስወጣ ሶፋው ለሁለት እንደተከፈለ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ አስካለ በጀርባው በኩል ቆመው አረንጓዴዋን ቁራጭ ያያሉ፤ እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ከጉደር የመጡት ኦቦ ዳባ ግን አልተደበቁም። ወርቃማዋ ቁራጭ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ «ይቺ የልጄ ሰርግ ናት። ያ ለሜ! ያ ለሜ!» እያሉ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

በሣልስቱ ጋሽ ተፈራ አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ።

«እውነተኛውን የውጭ ሶፋ እኮ፣ ልጄ፣ በር ገንጥለን ነው የምናወጣው። አንድ ለቅሶ ላይ ለሜሳም ከእኛ ጋር ተሸክሞ ነበር። ጣቱ በመቃኑ ተጨፈለቀ። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሁሉ መያዣ አለው። ‹ሰው ኀዘን ላይ ሆኖ ከዕቃ ጋር መታገል የለበትም› ነበር የሚለው።»

ያቺን ጣት አስታውሳታለሁ። ጥፍሯ ጠቁሮ ሰንብቶ ወደቀ፤ መዶሻ መታኝ ብሎኝ ነበር፤ እኔም ተጠንቀቅ ብዬ ብርድ ልብሱ ላይ ደም እንዳያንጠባጥብ ነገርኩት እንጂ ሌላ አልጠየቅሁም። ያንን ሶፋ መጀመሪያ ያሰበው፣ የማላውቀው አገር ሰው፣ ቤት በለቅሶ ቀን ባዶ እንደሚሆን አያውቅም። ለሜሳ ያውቅ ነበር። ፊቱን ከሌላ ወሰደ፣ ጀርባውን ለእኛ አሰበ፤ እኔ ደግሞ ያሰበበትን ጎን ከግድግዳ ጋር አጣብቄ ኖርኩ። አሁን ሥራ ቤቷን የተከራየው ሰው ጎማ ይለጥፍባታል። በአዲስ አበባ መንገድ የሚገቡት ሶፋዎች እውነትም ከአዲስ አበባ የሚመጡ ናቸው። «አሳድጊው» የሚለኝ የለም፤ ጣቶቼ አንዳንድ ማታ ሥራ ፈትተው ጭኔ ላይ ይዘረጋሉ። ያንን የመጨረሻውን ፎቶ ራሴ አሳድጌ አየሁት፤ እግሩ ወደ ውስጥ ነው የሚቆለመመው። ልክ መሆኔ ምንም አላስደሰተኝም።

ከየት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ባለቤቴ የሠራው ነው እላለሁ። ሶፋው ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ነው የሚቀመጠው። በወሩ መጨረሻ ከጀርባው እንበረከክና ብሎኖቹ እንዳይዝጉ ዘይት እቀባቸዋለሁ።