ጣሪያ ላይ የሚሰጣ ዱባ

ሚያዝያ ገብቶ የበጋው ሙቀት ሲለዝብ እትዬ ኤኒድ ዱባቸውን ለቅመው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደረደሩ። ብርዱ በሰኔ በሚገባባት የአውስትራሊያ ደሴት በታዝማኒያ ገጠር፣ ዱባ ለብርዱ ወራት እንዲቆይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሊመታው ይገባል፤ አለዚያ ይበሰብሳል። አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ከታች ሲያቀብሉ ባለቤታቸው ክላይቭ ከላይ ይቀበሉ ነበር። ክላይቭ ግን ታኅሣሥ ላይ አረፉ።

እትዬ ኤኒድ መሰላሉን አስደግፈው ሁለት እርከን እንደወጡ ከዚያ በላይ መውጣት አቅቷቸው ወረዱ። ሰው ማስቸገር አይወዱም። ቢሆንም የለፉበት ሁሉ መሬት ላይ ሲበላሽ ከማየት ይሻላል ብለው ጎረቤታቸውን ራስልን በአጥሩ ላይ ጠሩት።

«አንተ ራስል! ልጅ ሳለህ ፖሜን ልትሰርቅ ዛፍ ላይ ትወጣ አልነበር? ዛሬ ደግሞ ለሥራ ውጣልኝ!»

«ያኔ እኮ ይሄ ቦርጭ አልነበረኝም፣ እትዬ!» እያለ መጥቶ ወጣ።

እሳቸው ከታች እያቀበሉ ይቆጡታል።

«አናቱ ላይ ባለችው ጉቶ አታንጠልጥለው! ጉቶው ከተነቀለ አለቀለት።»

«እሺ፣ አለቃዬ።»

«ደግሞ አታነካካቸው፤ አየር ይግባቸው። ክላይቭ በየመሃሉ አንድ ስንዝር ይተው ነበር።»

ራስል በስንዝሩ እየለካ ደረደረ። ጣሪያው ሊሞላ ሲል ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው፣ እትዬ?»

እትዬ ኤኒድ የመጨረሻውን ዱባ ደረታቸው ላይ አቀፉ።

«ስንተክለው ሁለት ነበርን» አሉት።

ራስል እጁን ዘርግቶ ዱባውን ተቀበላቸውና ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።