አንድ ሰዓት ከሕመምተኛ ጎን

ድሬሰር ዓባይነህ ክንፉ የተጉለት ሰው ነው። ሰበታ የገባው በ1942 ዓ.ም. በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ በከተማዋ ወደ ተከፈተችው አነስተኛ ክሊኒክ ተመድቦ ነው። ሰዓቱን ሳያይ መርፌ አይወጋም፤ የወጋውንም ሳይጽፍ እጁን አይታጠብም። ከመንግሥት መዝገብ ሌላ ጥቁር ሽፋን ያለው የራሱ ደብተር ነበረው። እዚያ ላይ የበሽተኛው ስም፣ የተወጋው መድኃኒት፣ ሰዓቱ፣ በስተመጨረሻም በሽተኛው የተናገረው አንድ ቃል ይሰፍራል። «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል በደብተሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚበዛው «በቃኝ» ነው።

በ1947 ዓ.ም. አንድ ድንጋይ ፈላጭ የአጥንት ነቀርሳ ይዞት ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጎጆ አርባ ቀን ጮኾ ሞተ። በመጨረሻው ሳምንት ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ዘመድ ቤት ሰደዱ። በዓባይነህ እጅ የነበረው አስፕሪን ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከአዲስ አበባ እየመጣ የሚጎበኛቸውን ሐኪም ሞርፊን እንዲያዝለት ቢለምነው ሐኪሙ፣ «ሕመም ሰው አይገድልም፤ እሱ መድኃኒት ግን ይገድላል፤ ሱስም ያስይዛል» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓባይነህ ማመልከቻ መጻፍ ያዘ። በስምንት ዓመት አሥራ አንድ ጻፈ። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሊድኑ የማይችሉ ሰዎች ቢያንስ ሳይጮኹ ይሙቱ፤ ለዚህም ለገጠር ክሊኒኮች ሞርፊን ይፈቀድ፣ ሐኪሞችም አጠቃቀሙን ይማሩ። ግልባጮቹ እሱ ከሞተ በኋላ በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ በየቀናቸው ተደርድረው ተገኝተዋል። መልስ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም «ጉዳዩ ይታያል» ይላል።

በ1956 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ደርቦ እንዲቆጣጠር ዶክተር አሥራት የሚባል ወጣት ሐኪም ተሾመ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሞርፊንን ግን እንደ እባብ የሚፈራ ሰው ነበር። ዓባይነህ አልተከራከረውም። የማኅፀን ነቀርሳ ወደ ያዛት ቅቤ ነጋዴ፣ ወደ ወይዘሮ የሺወርቅ ቤት ወሰደውና በርጩማ አቀረበለት።

«ምን ላድርግ?» አለ ዶክተሩ።

«ምንም አያድርጉ ዶክተር። አንድ ሰዓት ብቻ ይቀመጡ። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።»

የሺወርቅ ጮኸች፤ ተራገመች፤ ግድግዳውን ቧጠጠች። በሩብ ሰዓቱ ዶክተሩ ሊነሣ ሲል፣ «ምን ተጎልተህ ታየኛለህ! እኔ ቴያትር ነኝ? ወይ ግደለኝ ወይ ሂድልኝ!» ብላ ውሃ የያዘ ጣሳ ወረወረችበት። ዶክተር አሥራት ስድሳውን ደቂቃ ጨርሶ ሲወጣ ሱሪው እርጥብ፣ ፊቱ አመድ ነበር። በማግስቱ ለሦስቱም ክሊኒኮች በወር ሃያ ሃያ ብልቃጥ ሞርፊን ፈርሞ ሰጠ። የሺወርቅ ከዚያ በኋላ የኖረችውን ሃያ ስድስት ቀን ተኝታና ከጎረቤቶቿ ጋር እየተጫወተች ኖረች።

የጽዋ ማኅበር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ሰብሰብ ብሎ መነጋገር በክፉ ዓይን ስለሚታይ፣ የሦስቱ ከተማ የጤና ሠራተኞች በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ ይጠጡ ጀመር። ዳቦ ተቆርሶ ጸሎት ከተደረሰ በኋላ ዓባይነህ ስለ ሕመም ያስተምራል። «መርፌው ከሕመሙ ቀድሞ ይሂድ እንጂ ተከትሎት አይሂድ» ይል ነበር። «ጎርፍ ቤት ከገባ በኋላ ቦይ አይቆፈርም።» ሁለት ሐኪሞችም ከአዲስ አበባ እየመጡ ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙት ነበር። ይህ በከተማ ሲወራ፣ «ዲያቆን ጳጳስ ሊቀባ ተነሣ» ብለው የሳቁ አልጠፉም።

ጥፋቱም የተፀነሰው በዚሁ ማኅበር ነው። የአንዱ ከተማ ብልቃጥ በአሥር ቀን ሲያልቅ የሌላው ሳይነካ ይከርማል። በቡራዩ ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ሲስተር ማሪቱ ይህን ስታነሣ፣ የሱሉልታው ድሬሰር ነገሳ መፍትሔ አመጣ፤ ስድሳውም ብልቃጥ በአንድ ሣጥን ይሁን፤ ሣጥኑም ከጽዋው ጋር ይዙር፤ የወሩ ባለ ተራ ይጠብቀው።

«ጽዋ ቤቱ ያደረ ሰው አይሰርቅም» አለ ነገሳ። «ቁልፍ ቢሰበር ይጠገናል፤ ሚካኤልን ግን ማን ይደፍራል?»

በየክሊኒኩ መዝገብ ላይ ግን «ሃያ ብልቃጥ በቁም ሣጥን አለ» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ቀረ። ሕጉ መድኃኒቱ ከክሊኒክ ክሊኒክ እንዲዛወር አይፈቅድም። ዓባይነህ በሕይወቱ ሐሰት በሆነ መስመር ላይ ሲፈርም ይህ የመጀመሪያው ነበር። በጥቁር ደብተሩ እያንዳንዷን ብልቃጥ በትክክል ስለጻፈ ሕሊናውን እንዳልሸጠ ቆጠረው።

የ1958 ዓ.ም. የኅዳር ጽዋ ለዓባይነህ ደረሰ፤ ሣጥኑም እሱ ቤት ገባ። በዚያው ወር የያዘው በሽተኛ የፉሪው ጭሰኛ ኦቦ ቀጄላ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ጭኑ ላይ ነቀርሳ የወጣበት ሰው ነው። ዓባይነህ ጠዋት ጠዋት በአዲስ አበባ አውቶቡስ እስከ ፉሪ መገንጠያ ይሄዳል፤ ከዚያ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። አንዷን መርፌ ወግቶት፣ ሁለተኛዋን አመሻሽ ላይ ተመልሶ ይወጋዋል። በመርፌው ኃይል ቀጄላ ከሚስቱ ከድንቅቱ ጋር ይጫወት፣ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ይጠይቅ ነበር። አንድ ጠዋት መንገድ ተበላሽቶ ዓባይነህ ሁለት ሰዓት ሲዘገይ፣ ድንቅቱን ውጭ ቆማ አገኛት። የባሏን ጩኸት እንዳትሰማ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላዋለች።

ቅዳሜ ኅዳር 25 ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ ሱሉልታ ደረሰና ቁም ሣጥኑን አስከፈተ።

እሑድ ነገሳ በአውቶቡስ ሰበታ መጣ። ገና በር ላይ ሆኖ፣ «አካም ጅርታ ወንድሜ፣ ቁም ሣጥኔ ባዶዋን ተገኘች» አለ። «አይጥ እንኳ አልነበረባትም። ሰውዬው እጁን አስገብቶ ጥግ ጥጉን ዳሰሰ፤ ማር የሚቆርጥ ይመስል ነበር።»

«ምን አልከው?»

«እውነቱን። አልሳቀም። ነገ ቡራዩ፣ ማክሰኞ አንተ ጋ ነው። ‹ሞርፊን የት እንደሚሸጥ አውቃለሁ› አለኝ። ዓባይነህ፣ ያን ጥቁር ደብተር አቃጥለው።»

«ደብተሩ ውስጥ ሐሰት የለም።»

«ለዚህ እኮ ነው አቃጥለው የምልህ!»

ሰኞ ከቀትር በኋላ ከማሪቱ ብጣሽ ወረቀት መጣ፦ «ቁልፌን ወሰደ። የሞርፊኑ ፈቃድ ሊሰረዝ ነው። የሚቀረው የአንተ ቤት ብቻ ነው።» ዓባይነህ ፖስታ ቤት ሄዶ ለዶክተር አሥራት ስልክ አስደወለ። ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለጥያቄ ተጠርቶ እንደነበረ ነገረው። ከዚያም፣ «ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ አላየም እንጂ። ለእኔ እንዳደረግኸው አድርግለት። አስቀምጠው» አለው።

ይህ ምክር ዋጋ የሚያስከፍል ነበር። የቀጄላ ሕመም እንዲታይ የማክሰኞ ጠዋቷ መርፌ መዘግየት አለባት። ዓባይነህ ራሱ ያስተማረውን ሊያፈርስ ነው። ያን ሌሊት ያሰበውን ማንም አያውቅም፤ በደብተሩ የሚገኘው «ለ28 ጠዋት፣ አልተሰጠም» የሚል መስመር ብቻ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት ሃያ ሦስት ብልቃጦች ነበሩ፤ ለቀጄላ የአሥራ አንድ ቀን ተኩል ዕረፍት።

ሌላም ነገር ወሰነ። ለቀጄላ አስቀድሞ ምንም አይነግረውም። ተነግሮት የሚያቃስት በሽተኛ ምስክርነቱ የሐሰት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ተቆጣጣሪው በላንድሮቨር መጣ። ባለ ባርኔጣ፣ ባለ መነጽር፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። ዓባይነህ ሣጥኑንም ደብተሩንም አስረክቦ የሠሩትን አንድ በአንድ ነገረው።

«ይህ የግል ማስታወሻ ነው፤ መዝገብ አይደለም» አለ ተቆጣጣሪው ደብተሩን እያገላበጠ። «አቶ ዓባይነህ፣ እዚህ ላይ የፈለጉትን ስም መጻፍ ይችላሉ።»

«ሰውዬው በሕይወት አለ። አብረውኝ ይምጡና አንድ ሰዓት ከጎኑ ይቀመጡ። ከዚያ የሚፈርዱትን እቀበላለሁ።»

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። «አንድ ሰዓት» አለ።

ፉሪ ሲደርሱ ደቦ የወጡ ጎረቤቶች የቀጄላን ጤፍ ያጭዱ ነበር። መኪናውን ሲያዩ ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉ። የዘፈናቸው ድምፅ ተቋረጠ። ድንቅቱ ከበሩ ላይ ባርኔጣውን አየችና ወደ ውስጥ ሮጠች። ዓባይነህ እየተቻኮለ ሲገባ ቀጄላ መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ነጭ ጋቢ ደርቧል፤ ፊቱ ታጥቧል።

«አካም ጅርቱ፣ ጌታዬ! እንደምን አደሩ!» አለ ቀጄላ ለመነሣት እየቃጣ። «ድንቅቱ፣ በርጩማ! ጠላ አምጪ! አሹቁስ?»

ዓባይነህ ያኔ ነው የገባው፤ ዘግይቶ። ለዚህ ቤት ከከተማ በመኪና የሚመጣ ባለ ባርኔጣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የባለ ርስቱ ሰው። ማረስ ያልቻለ ጭሰኛ ደግሞ መሬቱን ይለቃል።

«ያምዎታል?» ሲል ተቆጣጣሪው ጠየቀ።

«ምን ያመኛል ጌታዬ! በሬ ረግጦኝ ነው። ሊሽር ነው።»

«ጤፉን የሚያጭዱት ለምን ሌሎች ሆኑ?»

«እንግዳ አለብኝ ብዬ ቀርቼ ነዋ!» ቀጄላ ሳቀ። ሳቁ ንጹሕ ነበር። «ነገ እኔ ራሴ እወጣለሁ። መጪው ክረምት ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ ነው የማርሰው። ይጠጡልኝ እንጂ።»

ዓባይነህ ጋቢውን ገልጦ ጭኑን አሳየ። እብጠቱ የሕፃን ራስ ያህላል። ተቆጣጣሪው አጎንብሶ አየና፣ «እብጠት መሆኑ ይታያል» አለ። «እብጠት ያለበት ሁሉ ግን ሞርፊን አይወስድም።»

ሃያ ደቂቃ ሄደ። ቀጄላ ስለ ዝናቡ አወራ፤ የተቆጣጣሪውን ልጆች ደኅንነት ጠየቀ። ከጋቢው ሥር ቀኝ እጁ የመደቡን ጠርዝ ጨብጧል፤ ጭቃው እየተፈረፈረ መሬት ላይ ይወርድ ነበር። ይህን ከተቆጣጣሪው ወገን ሆኖ ማየት አይቻልም።

«አላበው» አለ ዓባይነህ። «ግንባሩን ይዩት።»

«ቤቱ ይሞቃል» አለ ተቆጣጣሪው፣ መነጽሩን እየወለወለ።

በአርባኛው ደቂቃ ዓባይነህ ትዕግሥቱ አለቀ። «ኦቦ ቀጄላ፣ ስለ ሚካኤል ብለው እውነቱን ይንገሯቸው። ስለ መሬት አይደለም የመጡት። ስለ መርፌው ነው።»

ቀጄላ ወደ እሱ ዞረ። ወዳጁ በባለሥልጣን ፊት ያልሆነ ነገር የቀባጠረበት ሰው አስተያየት ነበር። «ሐኪሙ ደግ ሰው ነው» አለ ለተቆጣጣሪው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይቅርታ የሚጠይቅለት ያህል። «አብዝቶ ይጨነቅልኛል። እንዳይፈርዱበት።»

ተቆጣጣሪው ስድሳውን ደቂቃ ሙሉ ተቀመጠ። ቃሉን የጠበቀ ሰው ነበር። ሲጨርስ ተነሣ፤ ለቀጄላ እጅ ነሣ፤ ለጠላው አመሰገነ። ውጭ ሲወጡ የሞርፊኑ ሣጥን መኪናው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር።

«ዛሬ የሚወጋውን እንኳ ይተዉልኝ» አለ ዓባይነህ። «አንዲት ብልቃጥ።»

«ከእኔ ጋር ተጫውቶ የሳቀ ሰው ነው፣ አቶ ዓባይነህ። ያየሁትን ነው የምጽፈው። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ያላዩትን ይጽፉ ነበር?»

ዓባይነህ ከዚያ በኋላ ባገለገለባቸው ዓመታት፣ ወደ ሩቅ አገር ተዛውሮ ሳለ እንኳ፣ ለዚህች ጥያቄ መልስ ለመጻፍ የጀመራቸው ወረቀቶች ብዙ ናቸው፤ የጨረሰው የለም።

መኪናው ዳገቱን ወርዶ ድምፁ ጠፋ። ዓባይነህ ተመልሶ ሲገባ ቀጄላ እንደ ተቀመጠ ነበር። ከንፈሩ ላይ ደም አለ። ቀስ ብሎ፣ ድንቅቱ ደግፋው፣ መደቡ ላይ ተጋደመ።

«ሄደ?» አለ።

«ሄዷል።»

«እንዴት ነበርኩ? አላወቀብኝም አይደል?»

«አላወቀብዎትም።»

«ተመስገን። መሬቱን ለልጆቹ አተረፍኩ ማለት ነው።» ዓይኑን ጨፈነ። «በል አሁን መርፌዋን ስጠኝ ልጄ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ዓባይነህ በጠዋት ቀቅሎ በጨርቅ የጠቀለለውን ሲሪንጅ ከቦርሳው አወጣ። ባዶውን በእጁ ይዞት ቆመ። ድንቅቱ መጀመሪያ ሲሪንጁን፣ ቀጥላ ቦርሳውን፣ ከዚያ ፊቱን አየች። ማሳው ላይ ያሉት እንዳይሰሙ ሄዳ በሩን ዘጋችው።