ደጃፍ ላይ የሞላሁት መጠይቅ

የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቀበት ዓመት፣ ከጤና ኮሌጅ ተመርቄ ወረታ እናቴ ቤት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ውሃው ጎድሎ የገጠሩ መንገድ መረገጥ ሲጀምር የጥናት ሰዎች መጡ። ጎርፉ በሰዉ ጤናና ኑሮ ላይ ያደረሰውን በመጠይቅ ሊለኩ ነበር። አገሩን የሚያውቅ መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጉ ስለነበር ተመዘገብኩ፤ ተቀጠርኩም።

ያሠለጠነችን ተቆጣጣሪያችን ነበረች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ዝምተኛ መምህርት። መጠይቁ ሲያዩት ቀላል ነው። ሰውየው ይራመዳል ወይ? ራሱ ይታጠባል፣ ይለብሳል ወይ? የየዕለት ሥራውን ይሠራል? የሚያመው ነገር አለ? ይጨነቃል፣ ይተክዛል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ "ምንም ችግር የለብኝም" ከሚለው ተነሥቶ "ፈጽሞ አልችልም" እስከሚለው የሚደርስ መልስ አለ፤ የመለሰውን ታብሌታችን ላይ እንነካለን። በመጨረሻ ከዜሮ እስከ መቶ የተሰመረ፣ ማስመሪያ የሚመስል ወረቀት ይሰጠውና የዛሬ ጤናውን በጣቱ ያሳያል።

"ወረቀቱን በእጃቸው ስጧቸው" ትለን ነበር። "አጠገባቸው ተቀመጡ። ሰው ለቆመ ሰው ሕመሙን አይነግርም።"

ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ገበሬው ቤት ስገባ መደብ ላይ እቀመጣለሁ፣ ያቀረቡልኝን እበላለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና "መቶውስ የፈጣሪ ነው፤ ለእኔ ስድሳ ጻፍልኝ። ሩዙ ባይበሰብስ ሰማንያ እል ነበር" አሉኝ። ለባልደረቦቼ ደጋግሜ ያወራሁት ይህን መልስ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ መንደር ዳር፣ ረባዳው ላይ፣ ተጠጋግተው ወደ ተሠሩ አራት ጎጆዎች ደረስን። የሸክላ ሠሪዎች ቤቶች ናቸው። መሬቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው መጀመሪያ የገባውም፣ መጨረሻ የወጣውም ከዚያ ነው። ቤት ለቤት ይመሩኝ የነበሩት ገበሬ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ።

"እኔ እዚህ ልጠብቅህ" አሉ። "ደጅ ሆነህ ጠይቀህ ቶሎ ና።"

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እንስራውን ገዝተን ውሃ እንጠጣበታለን፣ በድስቱ ወጥ እንሠራለን፤ ከቤቱ ግን አንቀምስም። እኔ የሰውን አካል ከአጥንት እስከ ጅማት የተማርኩ ሰው ነኝ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህ ሁሉ የድሮ ሰው ወሬ ነው እል ነበር። ማንም ስላልጠየቀኝ ግን እግሬ ደጃፉ ላይ ቆመ።

በመጀመሪያው ጎጆ አንዲት ሴትዮ ከበሩ ገባ ብለው፣ ከተቦካ ጭቃ ኋላ ተቀምጠዋል። ስድሳ ሳይሞላቸው አይቀርም። ከወገባቸው በታች ነጠላ ጣል አድርገዋል፤ ከጎናቸው የተሰባበረ ሸክላ ተከምሯል።

"ቤት ለእንግዳ። ግባ ልጄ" አሉኝ።

"እዚሁ ይሻለኛል። ጫማዬ ጭቃ ነው።"

የቤታቸውን ወለል አዩ። ወለሉም ጭቃ ነበር።

መጠይቁ ላይ የተጻፈው "ለመራመድ ምን ያህል ችግር አለብዎት?" ነው። እኔ ግን "መራመድ ትችያለሽ?" አልኳቸው። አሁን ስጽፍ እርሳቸው እላለሁ፤ ያን ቀን ግን አንቺ ነበር ያልኩት። ለሰማንያ ዓመት አዛውንትም ሆነ ለሃያ ዓመት ቄስ አንቱ ስል የዋልኩ ሰው፣ እናቴን በዕድሜ የሚበልጡትን ሴት አንቺ ስላቸው አፌን አልያዘኝም።

"ደህና ነኝ" አሉ።

"የሚያምሽ ነገርስ?"

"ደህና ነኝ፤ ተመስገን።"

"ጭንቀት?"

"የማይጨነቅ ማን አለ?"

"ጥቂት" የሚለውን ነካሁ። ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ዘርግቼ ከሩቅ አሳየኋቸው።

"ከዚህ ሆኜ አይታየኝም" አሉ።

"ስንት ልበልልሽ ታዲያ?"

ተመለከቱኝ። "አንተ ያየኸውን በል።"

ሰባ ብዬ ጻፍኩ።

ልሄድ ስል ልጃቸው ከጓዳ ጠላ በጣሳ ይዛ ወጣች። በሥራ ሰዓት መጠጣት ክልክል ነው አልኳት። የከለከለን ሰው አልነበረም። ሌሎቹን ሦስት ቤቶችም እንዲሁ ደጅ ቆሜ ጨረስኩና ወደ መሪዬ ተሻገርኩ። ማዶ ያለው የእሳቸው የወንድም ቤት ነው። ጥላው ሥር አረፍ ብለን ጠላ ቀረበ፤ አንድ ጣሳ ጠጥቼ ሁለተኛውን ተቀበልኩ። ቀና ስል ሴትዮዋ ከደጃፋቸው ሆነው ያዩኛል። ዞር ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ተቆጣጣሪያችን ከሞላነው እያነሣች ጥቂቱን ራሷ ሄዳ ደግማ ትጠይቅ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ጠራችኝና "ይችን ቤት አሳየኝ" አለች። ቁጥሩን ሳየው አወቅኩት።

ደጃፉ ላይ ጫማዋን አላየችም፣ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ገባች፤ ከሴትዮዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እንዴት ዋሉ እናቴ? ጎርፉ እንዴት አደረገዎት?"

"እናቴ" ስትል ጆሮዬ ጋለ። እኔም ተከትዬ ገባሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ተቆጣጣሪዬ የሴትዮዋ ልጅ ያቀረበችውን ጠላ ጠጣች፤ ስለ ሸክላው ጠየቀች፤ ምን ያህሉ እንደተረፈ ጠየቀች። ከዚያ ነው መጠይቁን የከፈተችው።

"ለመራመድ ምን ያህል ችግር አለብዎት?"

ሴትዮዋ ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። የግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አብጦ ጠቁሯል። ቅልጥማቸው ላይ በጨርቅ የታሰረ ቁስል አለ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ጎርፉ የገባ ዕለት የደረቀውን ሸክላ ሊያወጡ ሲጎትቱ ግድግዳው ተንዶ እግራቸው ላይ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ያለ ልጃቸው ደጅ መውጣት አይችሉም። ነርስ ሆኜ አራት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜ የጻፍኩት "ምንም ችግር የለብኝም" የሚለውን ነበር።

ወረቀቱን ስትሰጣቸው የጣታቸውን ጭቃ በቀሚሳቸው ጠረጉ። ላዩን እያዩ ቆዩና ጣታቸውን ሃያ ላይ አሳረፉ።

ተቆጣጣሪዬ ታብሌቷን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች። "እዚህ ሰባ ይላል።"

አፌን ሳልከፍት ሴትዮዋ ቀደሙኝ። "ልጁ ጠይቆኛል። እኔ ነኝ ደህና ነኝ ያልኩት። የእሱ ጥፋት አይደለም።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ደጅ ከመቆሜም፣ አንቺ ከማለቴም ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚያሸማቅቀኝ ያ ዝምታ ነው። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ እሳቸው የሰጡኝን ውሸት ተቀበልኩ።

መንገድ ላይ ተቆጣጣሪዬ "የት ሆነህ ነው የጠየቅካቸው?" አለችኝ።

"ደጅ ላይ።"

"ሌሎቹንስ ሸክላ ሠሪዎች?"

"ደጅ ላይ።"

"ገበሬዎቹን?"

"ገብቼ።"

ብዙ መንገድ ሄድን። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አለመቆጣቷ ባሰብኝ። በመጨረሻ "ሁሉንም እንደገና እንጠይቃለን። አብረኸኝ ትገባለህ" አለች። ገባሁ። በአራቱም ቤት መልሱ ሌላ ሆነ። አንዱ ቤት ውስጥ የምታቃስት አራስ ነበረች፤ ሌላው ውስጥ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሽማግሌ። በእኔ መጠይቅ ብትሄዱ በዚያ መንደር ጎርፉ ያልነካው ሰው ሸክላ ሠሪ ብቻ ነበር።

ሴትዮዋን በጥናቱ መኪና ደብረ ታቦር ሆስፒታል አደረስናቸው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እግራቸውን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። እግራቸው ተረፈ፤ ጉልበታቸው ግን እንደ ልብ አይታጠፍም።

ኅዳር ላይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ሜዳው ላይ ሩዝ ይታጨዳል። ሴትዮዋ ደጅ ፀሐይ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ትንሽ ድስት ያለሰልሳሉ።

"እንዴት ሰነበቱ?" አልኳቸው።

"ዛሬ አንቱ ሆንኩ?" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ማንኛውም ነገር አሉት።

ይቅርታ ልጠይቅ መንገዱን ሁሉ ሳሰናዳ የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ። "ያን ዕለት እውነቱን አልተናገርኩም" ብቻ አልኩ።

"አውቃለሁ። ግባ።"

ገባሁ፤ እሳቸውም በዱላ ተደግፈው ተከተሉኝ። ልጅቱ ጠላ ቀዳች። ጣሳውን ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄ ቆም አለ። ዓይን እስኪጨፈን ያህል ነው፤ ግን ቆመ። አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እየጠጣሁ ዓይናቸው እንዳያርፍብኝ፣ ፈርቼ ሳልጠጣ እንዳልቀር፣ ሳልለምናቸው ዞሩልኝ። ስንት ሰው ፊት እንዲህ ሲዞሩ ኖረው ይሆን? "ይዩኝ፣ ግድ የለም" ማለት ነበረብኝ። እስኪያልቅ ጠጣሁና ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ይጨመርልህ?" አሉ፣ ገና ወደ ግድግዳው እንደዞሩ።

"ይጨመርልኝ" አልኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ የት እንደዋልኩ ጠየቀችኝ። ጓደኛ ዘንድ አልኳት። የቀመስኩት ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ ምንም አልኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።