የጠበቃው ጥቁር መኪና

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር ወንድሜ ሥራውን ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁ። የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እሱ ቢሆን መቼም አይነግረኝም ነበር።

ወንድሜ በአሥራ ሦስት ዓመት ያንሰኛል። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። እሱ ደግሞ ከሕንጻዎቹ ጀርባ፣ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ግቢ ተከራይቶ ላቫጆ ከፍቷል። ስድስት ዓመት መኪና ሲያጥብ ኖሮ አምና አዲስ ሥራ ጨመረበት። የመኪና ቀለም ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ እንደ ስስ መስታወት የሚሆን፣ ቀለሙን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቅ ፈሳሽ አለ። ሥልጠናውን ወሰደ፣ ዕቃውን ገዛ፣ በሩ ላይ ትልቅ ባነር ሰቀለ። ያን ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ባነሩን የማየው ከታክሲ መስኮት ነበር።

ነርስ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልኩት ግን በሽተኛ አጠገብ ሳይሆን የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በሚታጠብበትና በሚቀቀልበት ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት በእኔ እጅ ያላለፈ መቀስና መቆንጠጫ የለም። ሰው ድኖ ሲወጣ የሚመሰገነው ሐኪሙ ነው፤ መሣሪያ ያጠበውን ማንም አያስታውስም። ለዚያ ከፍቶኝ አያውቅም። የከፋኝ ጡረታ ስወጣ ነው። ጠዋት ተነስቼ ቤቱን አጸዳለሁ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የሚጸዳ ነገር ያልቃል። ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወጪ ወራጁን ማየት ነው። እጄ ሥራ ፈትቶ ጭኔ ላይ ሲቀመጥ የሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

የወንድሜን ጉዳይ በሰማሁ ማግስት ምሳ ቋጥሬለት ወደ ላቫጆው ሄድኩ። ስገባ ግቢው መሃል አንዲት ጥቁር መኪና ቆማለች። አጠገቧ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ወንድሜን ያነጋግሩታል። ልደታ ፍርድ ቤት የሚሟገቱ ጠበቃ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። በእስክሪብቷቸው ጫፍ ኮፈኑን እያመለከቱ ጥፋቱን አንድ በአንድ ያስቆጥሩታል። እዚህ የደረቀ የውሃ ጠብታ ምልክት፣ እዚያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት፣ በዚያ በኩል እንደ ጤፍ የደቀቀ የሲሚንቶ ፍንጣቂ። ሁሉም የሚታየው ከአዲሱ ቅብ ሥር ነው።

"ቆሻሻዬን አሽጋችሁ ነው የመለሳችሁልኝ" አሉት።

ካላስተካከለው ከፍርድ ቤቱ አካባቢ አንድ ሰው እንኳ ወደዚህ ግቢ እንዳይመጣ እንደሚያደርጉ ነገሩት። ሁለት ሳምንት ሰጥተውት መኪናቸውን ነድተው ሊሄዱ ሲሉ፣ እኔ ቀረብ ብዬ ቀለሙን በእጄ ልንካው ወይ ብዬ ለመንኳቸው። ገርሟቸው ፈቀዱልኝ። ምሳውን የቋጠርኩበትን ፌስታል ፈትቼ እጄን ከትቼበት ኮፈኑ ላይ ቀስ ብዬ ዳበስኩ። በባዶ እጅ ልስላሴው ያታልላል፤ በስስ ፌስታል ግን ቅንጣቷ ሁሉ ትያዛለች። እኛም የመሣሪያ ጥርስ የምንፈትሸው በስስ ጨርቅ እየዳበስን ነበር። ኮፈኑ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል።

ጠበቃው ሲሄዱ ወንድሜ አንድ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። ቅሬታ ይዛ ስትመለስ ይህች ሦስተኛዋ መኪና መሆኗን ያኔ ነገረኝ። ፈሳሹን የሸጡለት ሰዎች እንዳታለሉት እርግጠኛ ሆኗል፤ ለቅቡ ሥራ የገዛውን የቀለም ማለስለሻ ማሽንም የሚገዛው ሰው አግኝቷል። መጀመሪያ ብላ አልኩት። ሲበላ ጠብቄ፣

"ከመቀባታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እናጥባለን እንጂ እትዬ፣ ሌላ ምን እናደርጋለን?"

"እስቲ ሲታጠብ አሳየኝ።"

ሌላ መኪና ሊታጠብ ገብቶ ነበር። ፀሐይ ላይ ቆሞ ብረቱ ያቃጥላል። የወንድሜ ዋና አጣቢ፣ በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት የቆየ ጎልማሳ፣ አንድ ባልዲ ውስጥ የልብስ ሳሙና በጥብጦ ጎማውን በጨርቅ አሸ። ጨርቁን እዚያው ባልዲ ውስጥ ነክሮ በሩን አሸ። መሬት ሲወድቅበት አንስቶ አራግፎ ጣሪያውን ቀጠለ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ከመንገድ ዳር ኩሬ አይለይም። ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለገኝም።

እኛ ክፍል አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር አንድ ነው፤ ያልታጠበ ነገር ቢቀቀልም አይነጻም። ደም የነካው መቀስ ሳይታጠብ መቀቀያው ውስጥ ከገባ ደሙ ተጠብሶበት ይወጣል። ይህንን ለወንድሜ ነገርኩት። ፈሳሹ ምንም እንዳልሆነ፣ በቅቡ ሥር የታሸገው በደንብ ያልታጠበ እድፍ መሆኑን ስነግረው አንገቱን ደፋ። አጣቢው ግን ሰምቶኝ ኖሮ ተቆጣ።

"ሲስተር፣ ይኼ መኪና ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም እኮ" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሥራውን ልነጥቀው የመጣሁ መስሎታል። ከመሬት ያነሳውን ጨርቅ ተቀብዬው ስልኩን ከኪሱ እንዲያወጣ ጠየቅኩት። አዲስ ስልክ ነው፤ መስታወቱ ያበራል። "በዚህ ጨርቅ ጥረገው" አልኩት። ጨርቁን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ጨርቁንም ከእጄ ወስዶ ሄደ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የድሮ ጋውኔን ለብሼ ግቢው ደረስኩ። ለአንድ ሳምንት በወንድሜ አሮጌ መኪና ላይ ተለማመድን። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም፤ የመኪናውን ከሥልጠና ደብተሩ እያነበበ የሚነግረኝ ወንድሜ ነው። ብዙው ነገር እዚያው ተጽፎ ነበር፤ ችኮላ ነው ያስዘለለው። ሥርዓቱን ግን እኔ አወጣሁ። መኪናው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ማንም አይነካውም። በመጀመሪያ አቧራው በንጹሕ ውሃ ብቻ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ባልዲው ሁለት ነው፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ማለቅለቂያ። ጎማ የነካ ስፖንጅ ቀለም አይነካም። መሬት የወደቀ ነገር ከሥራ ወጣ። አጣቢው ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል፤ ፊቱ ግን አልተፈታም ነበር።

ጠበቃው መኪናቸውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስረከቡን፤ ሰኞ ጠዋት ሊወስዷት። በዚያው ቀን፣ አቧራዋን አጥበን ካወረድን በኋላ፣ ወንድሜ የተበላሸውን ቅብ በማሽን እየፈገፈገ አነሳው። ቅዳሜን ሙሉ አጠብናት። የብረት ብናኝ የሚያሟሟውን ፈሳሽ ስንረጭባት፣ ንጹሕ የሚመስለው ጥቁር በር ወይን ጠጅ ቀለም እያነባ ይወርድ ጀመር። አጣቢው ቆሞ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት ሲያጥበው የኖረው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ መኖሩን ያየው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሊጥ የምንለው የቀለም ማጽጃ መጣ። ልጆች የሚጫወቱበትን ጭቃ ይመስላል፤ በሳሙና ውሃ እያንሸራተትክ ቀለም ላይ ስታስኬደው፣ ውሃ የማያስለቅቀውን የሲሚንቶ ፍንጣቂና የዛፍ ሙጫ እየለቀመ ይወጣል። ከጎማው በላይ ያለውን የፊት ፓራፋንጎ ጨርሼ ወደ በሩ ስዞር ከጣቴ አምልጦ መሬት ላይ ወደቀ። አዲስ ነው፤ ገና ግማሽ ቀን አልሠራም። ሁለቱም አዩኝ። "የቀረን ሁለት ሊጥ ብቻ ነው" አለ ወንድሜ በለሆሳስ። አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ትንሽ ቆይቶ አጣቢው እጁ ላይ ያለው ለስላሳ ማድረቂያ ጫፉ መሬት ነካበት። ማንም ሳይናገረው ወደ ጥግ ወርውሮ ሌላ ንጹሕ አወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥርዓት ከእሱ ጋር ተነጋግረን አናውቅም።

እሑድ ከማለዳው ጀመርን። ወንድሜ ቀለሙን አለሰለሰ፤ እኔ የማለስለሻውን ቅባት በአልኮል እየጠረግሁ ተከተልኩት። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ አራቱ የሥራ ፈትነት ወራት ከላዬ ላይ ወረዱ። እጄ የሚያውቀውን እየሠራ ነው። በባትሪ እያበራን እያንዳንዱን ጋት ፈተሽን። ፌስታል ውስጥ ያለው እጄ አሁን ምንም አይዝም፣ ይንሸራተታል። ወንድሜ የፈሳሹን ጠርሙስ ሊከፍት ሲል ግን ከአጥሩ ማዶ የድንጋይ መቁረጫ ጮኸ።

አጠገባችን ሕንጻ እየተሠራ ነው። ከድንጋዩ የሚነሳው ነጭ አቧራ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ዓይኔ እያየ ነው። ሸራ አልብሰናት ሮጠን ሄድን። ፎርማኑን ለመንኩት፤ ለአንድ መኪና ብሎ ሥራ እንደማያቆም በጨዋ ደንብ ነገረኝ። እሱም እውነት አለው፣ ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቀዋል። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ያን ጊዜ አጣቢው ፎርማኑን ወደ ጎን ጠርቶ አነጋገረው። ያቀረበለት ሐሳብ ይህ ነበር፤ የቆረጡት ድንጋይ ተከምሯል፤ እስከ ምሳ ሰዓት እሱን ወደ ላይ ያጓጉዙ፣ መቁረጡን ከምሳ በኋላ ያድርጉት፤ በምትኩ ሁለቱን ገልባጭ መኪኖቻቸውን እሱ ራሱ ያጥብላቸዋል። ፎርማኑ ትንሽ አሰበና ሳቀ። መቁረጫው ዝም አለ።

እስከ ምሳ የሁለት ሰዓት ጊዜ አገኘን። ግቢውን ውሃ አርከፈከፍን፣ መኪናዋን እንደገና ጠረግናት፣ ወንድሜ በትንንሹ እየከፈለ ቀባ። የመጨረሻውን በር ጨርሶ ቀና ሲል እኛ ሦስታችን በበሩ ቀለም ውስጥ ቆመን ታየን፤ እኔ ከነጋውኔ፣ ወንድሜ ከነላቡ፣ አጣቢው እጁን አጣምሮ። ቤቴ ባለው መስታወት ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጠርቼ ታይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጠበቃው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው መኪናዋን ዞሯት። እስክሪብቷቸውን አወጡ። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ከጎን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ። ሁለተኛ ዙር ዞሩ። ከዚያ ሰውዬው ከሾፌሩ በር ፊት ቆሙና፣ እስክሪብቷቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው፣ በበሩ ጥቁር ቀለም ውስጥ እያዩ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

"ይግባኝ የለኝም" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ማን እንዳጠባት ጠየቁ። ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ "እህቴ ናት" አላቸው፤ እኔ አጣቢውንም ጠራሁት፣ ጎተት እያለ መጣ። ጠበቃው በሁለት እጃቸው ጨበጡን። ምን ሥራ ላይ እንደነበርኩ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባለፈው ዓመት ሐሞታቸውን በቀዶ ሕክምና ማስወጣታቸውን፣ መሣሪያውን ማን እንዳጠበው ግን አንድም ቀን አስበው እንደማያውቁ ነገሩኝ። "አመሰግናለሁ" አሉኝ። ለየትኛው እንዳሉ አልጠየቅኩም። ለሁለቱም ወሰድኩት።

መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ወንድሜ ማሽኑን ሊገዛው ለነበረው ሰው ደወለ። አልሸጥም ሲል ድምፁ ግቢውን ሞላው። ቀትር ላይ ሰንጋ ተራ ወስዶን ጥብስ አበላን፤ አጣቢው የፎርማኑን ሁለት ገልባጮች አጥቦ ጨርሶ፣ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቦ መጣ። ገበታው ላይ መጀመሪያ ያጎረሰኝ እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ሦስት መኪኖች በር ላይ ቆመው አገኘሁ። ሦስቱም ከፍርድ ቤት ናቸው። ወንድሜ ደስታው አሳብዶት ሦስቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ ያቅዳል።

"በቀን አንድ" አልኩት።

ሊከራከረኝ አፉን ከፈተ፤ አጣቢው ሁለቱን ባልዲዎች ተሸክሞ ሲያልፍ አየውና ተወው። ለሁለቱ ባለመኪኖች ሌላ ቀን ቀጠረላቸው። እኔ ጋውኔን ለበስኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ የመጀመሪያዋን ወደ ጥላው እንዲያስገቧት ነገርኳቸው።