በማርያም ዕለት የተፈጨ ዱቄት

ፅጌረዳ ኃይለ ሚካኤል በጋይንቷ ከተማ በንፋስ መውጫ የተጠላች ሴት ናት። ምን አድርጋ እንደሆነ ቢጠየቅ ሰዉ አንዱን ካንዱ ያምታታዋል፤ "ኩሩ ናት" ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ "ሱሪ ትለብሳለች" ይላል። ወሬ ነው። አባቷ ሲሞቱ የዱቄት ፋብሪካውን ለሁለት ልጆቻቸው እኩል አውርሰው፣ ሥራ አስኪያጅነቱን ግን ለታላቁ ለክንዱ ሳይሆን ለእሷ ተናዘዙ። ይህንን ከተማው አልዋጠውም፤ ክንዱማ ጭራሽ አላላመጠውም።

አምና በመስከረም መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ዳቦ ቤቶቹ ዱቄት አጥተው በስልክ እየጮኹባት ሳለ፣ መብራቱ ተመልሶ የመጣው በማርያም ዕለት ጠዋት ሆነ። የጋይንት ገበሬ በማርያም በሬ አይጠምድም፤ በዓል ከተሻረ በረዶ ይወርዳል፣ የአንዱ ጥፋት የአገሩን አዝመራ ይበላል ብሎ ያምናል። ፅጌረዳ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ቢሆንም "ነገ መብራት መኖሩን ማን ያውቃል?" ብላ ወንድሟን አየችው።

"ይፈጭ! ማርያም የዳቦ ነገር ይገባታል" አለ ክንዱ እየሳቀ። ማሽኑንም በገዛ እጁ አስነሳው።

ሳምንት ሳይሞላ በረዶ ወረደ፤ ያሸተውን ገብስና ስንዴ ከመሬት አነጠፈው። ሰማይ ከማን ጋር እንደተማከረ አላውቅም፤ ገበሬው ግን ጥፋተኛ ፍለጋ ብዙ አልደከመም። የፋብሪካው በር በድንጋይ ተደበደበ። ክንዱ የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ነው፤ ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ እየማለ "እኔ የለሁበትም፣ ሴት ከምታዝበት ቤት ምን ይጠበቃል?" ይል ጀመር። ገበሬውም "እሷ እዚያ ወንበር ላይ እስካለች አንዲት ፍሬ ስንዴ አንሸጥም" ብሎ ተማማለ። ክንዱ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

የአገር ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክማ ደብሩን ይቅርታ እንድትጠይቅ ፈረዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣች፤ አንድ ድንጋይ በጫንቃዋ፣ አንድ ደግሞ በእጇ ይዛለች። ሰዉ አጉረመረመ እንጂ አላዘነላትም።

"በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ብላ ተንበረከከች። ከዚያ የእጇን ድንጋይ ከወንድሟ እግር ሥር አኖረችው።

"ጋሼ፣ ይቺ ያንተ ናት። ማሽኑን ያስነሳኸው አንተ ነህ።"

"አብደሻል እንዴ? እኔ ምን አደረግሁ?"

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ተክለ ማርያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አመለከቱ። "እንግዲያው ማሽኑን አላስነሳሁም ብለህ በእመቤታችን ፊት ማል።"

ክንዱ በሩን አየ። ገበያ ለገበያ ሲምል የከረመ ሰው እዚያች ደጅ ላይ መማል አልደፈረም። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ድንጋዩን ተራምዶ ሄደ። ገበሬዎቹ መንገድ ለቀቁለት እንጂ ደህና ዋል ያለው አልነበረም።

በረዶው አብዛኛውን ማሳውን የበላበት ፈንታው የሚባል ገበሬ ቀረብ ብሎ ድንጋዩን ከፅጌረዳ ጫንቃ አወረደላት።

"ይቅር ብለንሻል" አላት። "የተረፈችንንም ስንዴ ላንቺው እናመጣለን። ውደዱኝ ብለሽ ግን እንዳትለፊ። ልጆቼ ዘንድሮ ምን እንደሚበሉ አላውቅም።"