በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የዘጠኝ ልጆች ስም

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዳማ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። የጤና መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ባለፈው ወር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን «መኖር አስጠልቷችሁ ያውቃል?» እያልኩ ስጠይቅ ነበር። ዛሬ የምሄደው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ያልናቸው ልጆች ከባለሙያ ጋር መገናኘታቸውን ለማየት ነው። ሾፌራችን ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው፤ ሬዲዮ አይከፍቱም፣ ራሳቸው ያወራሉ።

1 ሰዓት ተኩል፣ ዓለም ጤና

ሞጆ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች አዘግይተውናል። እዚህ መንገዱ ዳር የቀይ ሽንኩርት ክምር፣ ጆንያ፣ አቧራ የጠጡ ጫኞች። ፉል በመቶ ሃያ ብር በላን።

«ልጆቹ እውነቱን ይነግሯችኋል?» አሉኝ ጋሽ ሁሴን።

«ሚስጥራቸው እንደማይወጣ ቃል ስለምንገባላቸው ይነግሩናል።» ኮራ ብዬ ነው ያልኩት።

3 ሰዓት

የደረስንባትን ከተማ ስም አልጽፍም። ምክንያቱ ይገባችኋል።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ተማሪዎች ለምክር ቢሮ ይቅረቡ» ይላል፤ ከሥሩ የዘጠኝ ልጆች ስም ከነክፍላቸው። ስሞቹ የተጻፉት በእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። «አንድ በአንድ፣ በድብቅ ጥሩልን» ብዬ፣ በፖስታ አሽጌ ለርዕሰ መምህሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ርዕስ ጨምረው ፎቶ ኮፒ አድርገውታል።

«ምን ማድረግዎ ነው?» ርዕሰ መምህሩ ሊቀበሉን ሲወጡ ጮህኩባቸው።

«ለነሱው ብዬ እኮ ነው! ማን አንድ በአንድ ሲጠራ ይውላል?» የምር ግራ ገብቷቸዋል።

ወረቀቱን ገንጥዬ አወረድኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ተለጥፎ ነበር። ስምንቱን ለየብቻ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የጤና ጣቢያው ነርስም መጥታ አብራቸው ተቀመጠች። አንዷ ግን ከትምህርት ቀርታለች።

5 ሰዓት ተኩል፣ ቤቷ

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች፤ እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማንም አያየውም ብለውኝ ነበር» አለችኝ። «እናቴ እንኳ የሰማችው ከባለሱቁ ነው።»

ይቅርታ አልኳት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ያ ሐሳብ አሁንም አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አዎ» አለች በቀስታ።

ወረቀት አላወጣሁም፤ «ሆስፒታል እንሂድ» አልኳት። እናቷ ነጠላቸውን ደረቡ። ጋሽ ሁሴን መኪናውን አስነሱ።

9 ሰዓት፣ አዳማ

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሰልፍ እስከ ደጅ ደርሷል። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ጮክ ብላ፣ «ምን ሆና ነው?» አለች። ሰዉ ዞሮ አየን። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቷ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«እሱን ለሐኪሟ ብቻ ነው የምትነግረው። አንቺ ካርዷን አውጪላት።»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ያዘች።